ለማሩ የለቀቅኩት ወንበር

የበደለኝ አጎቴ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። የበደለኝም ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ በመስከረም፣ ንጉሡ ገና ከዙፋን ሳይወርዱ ነው። አሁን ሞቷል። የሞተ ሰው አይወቀስም ይላሉ። እኔ ግን በሕይወት ሳለም አልወቀስኩትምና ይህን ምክር ለሚያስፈልገው ሰው ትቼዋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ተቋርጦ የቆየው በረራ እንደገና በጀመረ ሰሞን፣ እንግዳ ልቀበል አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ነበር። ጠዋት ዝናብ ጥሎ ሣሩ ርሷል። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ስጠብቅ ነፋሱ የነዳጅና የእርጥብ ሣር ሽታ ቀላቅሎ አመጣልኝ። የዛሬዎቹ አውሮፕላኖች የሚሸቱት ላምባ ላምባ ነው። ያ በልጅነቴ የተሳፈርኩበት አሮጌ አውሮፕላን ግን ቤንዚን፣ የተቃጠለ ዘይትና ፀሐይ የመታው ቆዳ ነበር የሚሸተው። ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ቢሆንም የአጥሩን ሽቦ ይዤ ቆምኩ። ጥበቃው አይቶኝ፣ በትግርኛ እናቴ ብሎ ጠርቶ፣ "ኣደይ፣ ደኅና ነዎት? ወንበር ላምጣልዎ?" አለኝ።

"ወንበር አልፈልግም" አልኩት። ከሚገባው በላይ ተቆጥቼ ኖሮ ደንግጦ ሄደ።

አባቴ ከሞተ በኋላ አሳዳጊዬ አጎቴ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ይባል ነበር። የሚኖረው አዲስ አበባ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ነው። በዓመት አንዴ፣ ለዘመን መለወጫ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶና ግራጫ ባርኔጣውን ደፍቶ መቀሌ ይመጣ ነበር። ሓወቦ እለው ነበር፤ በእኛ ዘንድ የአባት ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው። ሓወቦ ሲገባ እናቴ ትነሣለች፣ ባርኔጣውን በሁለት እጇ ተቀብላ ትሰቅላለች። ሓወቦ ሲናገር ቤቱ ዝም ይላል። አዲስ አበባ ላይ እኩያዬ የሆነች ሴት ልጅ ነበረችው። እናቷ የዚያ አገር ሰው ስለሆነች ልጅቱ ትግርኛ አታውቅም ይሉን ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አለፍኩና አዲስ አበባ ያለ አንድ የነርሶች ማሠልጠኛ ጠራኝ። የተባለው አንድ ነገር ነበር፤ በቀጠሮው ቀን በአካል ቀርቤ መታየት። ያልቀረበች ልጅ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ክረምቱ ድልድይ አፍርሶ መንገዱ ስለተቆረጠ አውቶቡስ የሚታሰብ አልነበረም። እናቴ ለአውሮፕላን ቲኬት የእርሻ በሬዋን ሸጠች። አጎቴም፣ "በአውሮፕላን እወስዳታለሁ" አለ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ከአውሮፕላኑ እኩል የተወራለት ማሩ ነበር። እናቴ ከወንድሟ ቀፎ ነጭ ማር አስቆርጣ ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ሞላች፤ ክዳናቸውን በሰም አሸገች። ያዘዛት አጎቴ ነው። "ማሠልጠኛው ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አለ፤ ባዶ እጅ አይኬድበትም" ብሏት ነበር። ከዚያ ማር አንድ ጣት እንኳ አላስቀመሰችኝም። "የነገ እንጀራሽ ነው፤ አይነካም" አለችኝ።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው በኩሓ በኩል፣ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ነበር። ከመሳፈር በፊት ዕቃውም ሰውም እህል በሚመዘንበት ዓይነት ትልቅ ሚዛን ላይ ይወጣል። የሚመዝነው ሰውዬ ቀልደኛ ነበር። እኔ ስወጣበት ጎንበስ ብሎ መርፌውን አየና፣ "አንቺ ልጅ፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ? ከነጫማሽ ማሩ ይበልጥሻል!" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እናቴ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና "ኣጆኺ ጓለይ" አለችኝ፤ አይዞሽ ልጄ ማለቷ ነው።

አውሮፕላኑን ዳኮታ ይሉት ነበር። ያኔም አሮጌ ነበር፤ ሆዱ ላይ ቀለሙ ተልጧል። ሲቆም ጭራው መሬት፣ አፍንጫው ሰማይ ስለሆነ፣ በኋላው በር ገብቶ ወንበር መያዝ አቀበት መውጣት ነው። በአንድ ወገን ወንበሮች ነበሩ፤ በሌላው ወገን በመረብ የታሰሩ ጆንያዎች፣ የአንድ ነጋዴ የቆዳ እስርና የእኛ ሁለት ቆርቆሮዎች። አስተናጋጇ ለጆሮ ጥጥ፣ ለአፍ ከረሜላ አደለችን። ከረሜላው የሎሚ ነበር። ሞተሮቹ አንድ በአንድ እንደ ሽማግሌ ሳል አስለው፣ ሰማያዊ ጭስ ተፍተው ተነሡ፤ ወለሉ በጫማዬ ሥር እንደ ወፍጮ ቤት ወለል ተንዘረዘረ። ከዚያ ሣሩ በመስኮቱ ይሮጥ ጀመር። ጭራው ከመሬት ሲነሣ አቀበቱ ሜዳ ሆነ። ቀጥሎ መንገጫገጩ በአንድ ጊዜ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ይሳሳተዋል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገረው። አልፈራሁም።

በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። እናቴ መጀመሪያ ነጭ ነጠላ፣ ኋላ ነጭ ነጥብ ሆነች። የእንደርታ ማሳ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ አደይ አበባ የፈሰሰበት ቢጫ ነበር። የአውሮፕላኑ ጥላ ትንሽ መስቀል መስሎ በማሳው ላይ ይሮጣል፤ የድንጋይ አጥር ሲያገኝ ይዘላል፣ ገደል ሲያገኝ ይጠፋና ማዶ ወጥቶ ይጠብቀናል። እዚያ ጥላ ውስጥ እኔም አለሁ ብዬ በዓይኔ ተከተልኩት። ፀሐይ በመስኮቶቹ ገብታ ቆርቆሮዎቹ ላይ ታበራ ነበር። ሙቀቱ ሰሙን አለስልሶት መሰለኝ የማሩ ሽታ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቀለ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ሙሉ ሆኜ አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ቄስ ነበሩ። ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጄን ጨብጠው ይዘዋል።

"ልጄ፣ ምን ይታይሻል?"

"ወንዝ ይታየኛል አባ።"

"ወንዙ ይቅርብን። ሌላስ?"

"ደመና።"

"ከላያችን ነው?"

"ከሥራችን ነው አባ።"

"ወይኔ አምላኬ!" አሉና የጀመሩትን ጸሎት ትተው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

አጎቴ ከፊታችን ነበር። ተራሮቹ ላይ ስንደርስ አውሮፕላኑ መውረድና መውጣት አበዛ። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ሞቆት መስሎኝ ነበር። ባርኔጣውን ገልብጦ አፉ ሥር ያዘና የበላውን ሁሉ ውስጡ መለሰው። ከዚያ ዞሮ ሳያየኝ ወደ ኋላ አቀበለኝ። በአንድ እጄ የቄሱን እጅ፣ በአንድ እጄ የሓወቦን ባርኔጣ ይዤ እስክናርፍ ድረስ ተቀመጥኩ።

ያረፍነው ወሎ ውስጥ፣ በተራሮች መሃል ካለ የሣር ሜዳ ላይ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥታው ጆሮ ያማል። እዚያ አንዲት በጽኑ የታመመች ሴት በቃሬዛ ላይ ተኝታ ከባሏ ጋር ለመሳፈር ትጠብቅ ነበር። በሷ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ድና ከሆነ ደስ ይለኛል። አብራሪው ወርዶ ሜዳውን በእግሩ ሄደበት፤ በተረከዙ እየጫነ ርጥበቱን አየ። ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ሜዳው ጨቅይቷል፣ አጭርም ነው። ቀለል ካላልን አንነሣም። ዕቃ ያለው ያውርድ፤ በሚቀጥለው በረራ ይላክለታል።"

ጆንያዎቹ ወረዱ። ነጋዴው፣ "እኔ ልውረድና ቆዳው ይሂድ እንዳልል ቆዳው አይናገርልኝ!" እያለ እስሩን ጎትቶ አወረደ። ቀጥሎ አብራሪው ወደ እኛ ቆርቆሮዎች ጠቆመ።

"እነዚህ አይወርዱም" አለ አጎቴ። ፊቱ ገና አመድ እንደመሰለ ነው። "አደራ ናቸው።"

"ጌታዬ፣ ወይ እነሱ ይወርዳሉ፣ ወይ ሰው ይወርዳል።"

አጎቴ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ከላይ እስከ ታች ወረደብኝ፤ ያ በሚዛን የሚመዝነው ሰውዬ ያለው ትዝ ብሎት እንደሆነ አላውቅም። ጎንበስ ብሎ በትግርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረኝ። "ስሚኝ ጓለይ። አንቺ ያለ ማሩ ብትደርሺ ማንም ዞሮ አያይሽም። ማሩ ያለ አንቺ ከደረሰ ግን ቦታሽን ይዞ ይቆይሻል። በሚቀጥለው አውሮፕላን ትመጫለሽ።" ከዚያ ቀና አለና ለአብራሪው በአማርኛ፣ "ልጅቷ ፈርታለች። ልውረድ እያለች ነው" አለው።

"እኔ ያልኩት እኮ ቆርቆሮውን ነው" አለ አብራሪው።

"አሳዳጊዋ እኔ ነኝ። ፈርታለች አልኩህ።"

አስተናጋጇ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "ፈራሽ እንዴ የኔ ቆንጆ?"

አማርኛ አውቅ ነበር፤ ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁት በአማርኛም ነው። "አልፈራሁም" አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ሓወቦ ከላዬ ቆሟል። ያሳደገን ሰው በባዕድ ፊት ዋሸህ ማለት በእኛ ቤት ከሌብነት ይብስ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። እኔ አንገቴን የደፋሁት ለአክብሮት ነው፤ እነሱ ለፍርሃት ቆጠሩት። ቄሱ ብቻ፣ "ኧረ ይህች ልጅ እኮ..." ብለው ጀምረው ነበር። አጎቴ ሲያያቸው እሳቸውም ዝም አሉ። እጄን ግን በግድ ነው የለቀቁት።

ሣሩ ላይ ቆሜ በሩ ሲዘጋ አየሁ። ለቃሬዛው ቦታ ለመስጠት ቆርቆሮዎቹን ካሉበት አንሥተዋቸዋል። አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲዞር በመስኮቴ በኩል አየኋቸው፤ በወንበሬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በኔ ቀበቶ ታስረው። አውሮፕላኑ ተነሣ። ከሥሩ ጥላው ሄደ። እኔ የለሁበትም።

ያሳደረችኝ የሜዳው ዘበኛ ሚስት ነበረች። "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አላህ ያመጣዋል" ትለኝ ነበር። የራሷን ጋቢ አለበሰችኝ፤ የፈላ ወተት አጠጣችኝ። ዝናቡ እንደገና ጣለ። በሚቀጥለው በረራ ቀን ሮጬ ወጥቼ ሜዳው ላይ ቆምኩ። አውሮፕላኑ ከደመናው በላይ ይሰማል፤ ይዞራል፣ ይዞራል፤ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ሜዳው አልታየውም ነበር። የቀጠሮዬ ቀን እዚያ፣ ያቺ ሴት ቤት ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ስሰማ አለፈ። ዛሬ መቀሌ ገበያ ላይ የወሎ ነጋዴዎች "አብሽሪ እናቴ" ሲሉኝ ሳልከራከር የምገዛው ስለሷ ነው።

ወንዙ ጎድሎ መሻገሪያ ሲገኝ፣ በጭነት መኪና እየተቀባበሉ መቀሌ አደረሱኝ። ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። አጎቴ ከአዲስ አበባ ስልክ ደውሎ፣ ልጅቱ አውሮፕላን ፈርታ ወረደች፣ ለደግ ሰዎች አደራ ሰጥቻታለሁ ብሏል። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰችና፣ "ምነው ጓለይ፣ ትንሽ ብትችዪው?" አለችኝ።

"አልፈራሁም" አልኳት።

"ማን የማይፈራ አለ? ኣጆኺ" አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ይህን ለሌላ ሰው እንዳትደግሚው። ያለ እሱ ማን አለን?" አለችኝ። አመነችኝ አላመነችኝም እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዘመን መለወጫ አጎቴ አዲስ ባርኔጣ ደፍቶ መጣ። መንገዱ ተጠግኖ ስለነበር በአውቶቡስ ነው የመጣው፤ ልጁንም ይዞ። ልጅቱ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ደግ ነበረች። ከቦርሳዋ ፎቶግራፍ አውጥታ አሳየችን፤ ነጭ ቀሚስና ነጭ ቆብ ለብሳ፣ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ተሰልፋ። የዚያው ማሠልጠኛ ነበር። ማሩ ደርሷል። ቦታውንም ይዟል።

"ለአንቺ የተያዘው ቦታ ባዶ ከሚቀር ብዬ ነው" አለኝ አጎቴ፣ ልጁ በማታውቀው ትግርኛ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ። "አንቺማ ደመና አይተሽ ጮኽሽ!" ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መጮኹን የጨመረው በዚያን ዕለት ነው። በየዓመቱ አንድ ነገር ይጨምር ነበር። ቆይቶ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ እንደነበር ሰማሁ። ሰርግ ቤት መሰላል ላይ ወጥቼ መጋረጃ ሳስር፣ "ኧረ አውርዷት፣ ይቺ ከፍታ አይሆንላትም!" ይባል ነበር። አግብቼ ወልጄ እንኳ ልጆቼ ሲያለቅሱ፣ "እናታቸውን ነው የወጡት" ይባልልኝ ነበር።

እኔ የአማርኛ ታይፕ ተምሬ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የሌሎችን ቃል ስጽፍ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን አልተሳፈርኩም፤ በአውሮፕላን የሚያስኬድ ጉዳይ አልገጠመኝም። ማርም ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። እበላለሁ።

አጎቴ ሚስቱ ከሞተች በኋላ መቀሌ ተመልሶ እኔ ቤት ተቀመጠ። ልጁ አዲስ አበባ በሥራዋ ነበረች። ለምን ተቀበልሽው የሚለኝ ካለ የእኛን አገር አያውቅም። የአባት ወንድም በር ላይ ሲቆም አይመለስም። አጠብኩት፣ አበላሁት። እሱም እንግዳ በመጣ ቁጥር የአውሮፕላኑን ወሬ ያወራ ነበር፤ ያንኑ፣ ከነጭማሪው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገዱም፣ ስልኩም፣ በረራውም ተዘጋ። ልጁ በሕይወት መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር። መድኃኒቱ አለቀ፤ እኛም እህል እየቆጠብን ነበር። በዚያ ጊዜ ሰማይ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ደስ የሚለው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁ ከላያችን መጣና መስኮቱ ተንዘረዘረ። አጎቴ አልጋው ላይ ነበር፤ ዓይኑ ጠፍቷል። እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ። ሰጠሁት። እንደ ቄሱ ጨብጦ ያዘኝ። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ አልለቀቀኝም።

"እጅሽ አይንቀጠቀጥም" አለኝ በትግርኛ። "ያኔም አልፈራሽም። የፈራሁት እኔ ነበርኩ።"

ያን ቃል በልጅነቴም በጎልማሳነቴም ጠብቄው ነበር። ሲመጣ፣ ከእኔ በቀር የሚሰማው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ፣ "ለልጄ አትንገሪያት። በራሷ ብርታት የገባች ነው የሚመስላት" አለኝ።

እሺ አላልኩትም። እምቢም አላልኩትም። ትራሱን አስተካከልኩለት። ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ጎረቤት ነው ከኔ ጋር የቀበረው።

በረራ እንደጀመረ የመጣችው እንግዳዬ ልጁ ናት። ጠጉሯ ነጭ ሆኗል፤ እንደ ድሮው ረጅምና ደግ ናት። በሩ ላይ አንገቴን አቅፋ፣ "እህቴ፣ እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪለት!" እያለች አለቀሰች። ልቅሶዋ የእውነት ነበር። ለቅሶ ቤት ድንኳን ጥለን ሰው ሲሰበሰብ ከጎኔ ተቀመጠች። ጎረቤቶቼ ለእሷ ሲሉ በአማርኛ ያወሩ ነበር። አንዷ ስለ አጎቴ ደግነት ስታነሣ፣ ልጁ ዕንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች።

"አባዬ እኮ እኔን አንድ ቀን አውሮፕላን አሳፍሮኝ አያውቅም! እሷን አሳፈራት፤ እሷ ደግሞ ጮሃ ወረደች!" አለች ጉልበቴን መታ አድርጋ። "ብታውቂ እንዴት እቀናብሽ ነበር! ያቺን መስኮት ለኔ በሰጠኝ እል ነበር።"

ድንኳኑ ሳቀ። በዚያ ለቅሶ ቤት የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ለቅሶ ቤት ነገር አይነሣም። አንገቴን ደፋሁና ውሃ ቀዳሁላት።

ሄደች። እኔም ተቀምጬ ይህን ጻፍኩ። ያኔ አውሮፕላኑ ውስጥ "ፈርታለች" የተባለው በአማርኛ ነበር፤ የአጎቴም ልጅ ትግርኛ አታነብም። በአማርኛ ጻፍኩት። ላክሁላት።